ዲስኩ አልጠፋም፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ማኖር

«ጋሼ፣ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና 8 ጊጋባይት ራም አለው። ለትምህርቴ ሊኑክስ ስላስፈለገኝ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ለመጫን ፍላሽ አዘጋጀሁ። ዲስክ የሚመረጥበት ደረጃ ላይ ስደርስ ግን የሚታየኝ የራሴ ፍላሽ ብቻ ነው፤ የላፕቶፑ ዲስክ የለም። ጓደኛዬ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ ኤኤችሲአይ አድርጊው ብሎኝ ስቀይረው ኡቡንቱ ዲስኩን አየው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አልነሳ አለኝ። ደንግጬ ወደ ነበረበት መለስኩት። አሁን ሁሉም ሰው ዲስኩን አጥፍተሽ ሁለቱንም ከአዲስ ጫኚ ይለኛል። ሌላ መንገድ የለም?»

አለ፣ እህቴ። ደንግጠሽም ቢሆን ወደ ነበረበት መመለስሽ ትክክል ነው፤ ምንም ያበላሸሽው ነገር የለም።

በመጀመሪያ የሆነውን እንይ። ላፕቶፕሽ ከፋብሪካ ሲወጣ ዲስኩ ኢንቴል አርኤስቲ በሚባል መቆጣጠሪያ ሥር ተደርጓል። በዚህ አሠራር ዲስኩ በቀጥታ አይታይም፤ የሚያየው የመቆጣጠሪያው ድራይቨር፣ ማለትም ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ያለው ብቻ ነው። ዊንዶውስ ድራይቨሩ ስላለው ያያል፤ የኡቡንቱ መጫኛ ስለሌለው ባዶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ጓደኛሽ የነገረሽ መፍትሔ፣ ዲስኩን በቀጥታ ወደሚያሳየው ኤኤችሲአይ አሠራር መቀየር፣ ራሱ ልክ ነው። የተሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የለመደውን የዲስክ ድራይቨር ብቻ ነው። መንገዱ በድንገት ሲቀየርበት የራሱን ዲስክ ማንበብ ያቅተዋል፤ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ለውጡን አስቀድመን ከነገርነው ግን ያለ ችግር ይነሳል።

«አጥፍተሽ ጫኚ» የሚለውን ምክር አትስሚ። በቀድሞው ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ ዘመን በስህተት የጠፋ ፋይል ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የተወሰነውን እናወጣለት ነበር። ኤስኤስዲ እንደዚያ አይደለም። ፋይል ሲጠፋ ወይም ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ፣ ትሪም በሚባለው ሥርዓት አማካይነት ቦታው ከውስጥ ይጸዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ መንገድ አጥቶ ላፕቶፑን ይዞልኝ የመጣ ተማሪ ነበር፤ ምንም ላደርግለት አልቻልኩም። ከመጫኛው ምርጫዎች መካከል «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ባየሽ ቁጥር እጅሽን ሰብስቢ።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ ኮርሱ የሚፈልገው ትእዛዝ የሚጻፍበትን የሊኑክስ ተርሚናል ብቻ ነው? እንዲያ ከሆነ ሊኑክስን እዚያው ዊንዶውስ 11 ውስጥ የሚያሠራው ደብሊውኤስኤል ይበቃሻል፤ ዲስክ መንካትም አያስፈልግሽም። ሙሉ ሊኑክስ ካስፈለገሽ ግን ጎን ለጎን መጫኑን እመርጥልሻለሁ። 8 ጊጋባይት ራምን በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) ለሁለት መክፈል ሁለቱንም ያዘገማቸዋል።

የመጀመሪያው ሥራ የዲስኩን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ አግኝቶ መያዝ ነው። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያውቅ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ተቆልፎ ይገኛል። ባዮስ ውስጥ አንድ ነገር ስትነኪ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ያንን ካላገኘሽ ፋይሎችሽ እዚያው ተቆልፈው ይቀራሉ። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑን ባስመዘገብሽበት የማይክሮሶፍት መለያ ውስጥ ተቀምጧል። ግቢና ወረቀት ላይ ገልብጪው። ከዚያም በሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ክፍት ከሆነ ዝጊው፤ የዲስኩ መቆለፊያ ተፈትቶ እስኪያልቅም ጠብቂ፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የትምህርት ፋይሎችሽን ደግሞ በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገልብጪ። ይህን ሳትጨርሺ ወደሚቀጥለው አትሂጂ።

ሁለተኛው ፋስት ስታርትአፕን መዝጋት ነው። ይህ ነገር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ፤ «ሸት ዳውን» ስትይው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ በከፊል አንቀላፍቶ ዲስኩን እንደያዘ ይቆያል። እርሱ እንዲህ ባለበት ኡቡንቱ ገብቶ ፋይል ቢጽፍ መረጃ ይበላሻል። ለዚህም ነው ኡቡንቱ የዊንዶውስን ክፍል «ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም» ብሎ የሚከፍተው። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ፣ የማጥፊያው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ በሚመረጥበት ገጽ ላይ የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሺ።

ለኡቡንቱ የሚሆነውን ቦታ የምትቀንሺው ከዚያው ከዊንዶውስ ነው፤ የራሱን ቤት እርሱ ያውቀዋል። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቺ፣ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊና «ሽሪንክ ቮልዩም» የሚለውን ምረጪ። ኡቡንቱ 24.04 ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ፕሮግራም ለምትጽፍ ተማሪ ግን ያ ቶሎ ይሞላል፤ 100 ጊጋባይት ስጪው። መሙያው በሜጋባይት ስለሆነ 102400 ብለሽ ትጽፊያለሽ። የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት አታድርጊው፤ ባዶውን «አንአሎኬትድ» እንደተባለ ይቆይ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ባትሪው የሞላና ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን። በዚህ መሐል መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ስክሪን እንመለስ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነሽ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ፈልጊ፤ «ቡት» በሚለው ገጽ ላይ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጊ። ከመቀጠልሽ በፊት የመለያሽን ሙሉ የይለፍ ቃል ማወቅሽን አረጋግጪ፤ በሴፍ ሞድ ውስጥ አጭሩ የፒን ቁጥር ላይሠራ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሺና ዊንዶውስ ሳይነሳ በቀጥታ ወደ ባዮስ ግቢ። መግቢያው እንደየላፕቶፑ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ነው። አርኤስቲ ወይም ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሪ። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ምርጫው ቪኤምዲ በሚል ስም ሊመጣ ይችላል፤ እርሱን ትዘጊዋለሽ። በአንዳንድ የኤሰር ላፕቶፖች ላይ ምርጫው ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፤ «ሜይን» በሚለው ገጽ ላይ ኮንትሮልንና ኤስን አንድ ላይ ስትጫኚ ይወጣል። አስቀምጠሽ ውጪ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሳል፤ በዚህ ሁኔታ ሲነሳ መሠረታዊዎቹን የዲስክ ድራይቨሮች በሙሉ ስለሚጠራ አዲሱን መንገድ ያገኘዋል። የ«ሴፍ ቡት»ን ምልክት አንሺና እንደገና አስነሺው፤ በመደበኛው መንገድ ይነሳል። ባይነሳ ባዮሱን ወደ ነበረበት መልሺና ከሴፍ ቡት ጀምረሽ ድገሚው።

ከዚህ በኋላ መጫኑ ቀላል ነው። በፍላሹ ስትነሺ ዲስኩ ይታያል፤ ከዊንዶውስ ጎን የሚጭነውን ምርጫ ውሰጂ። በእጅሽ ለመከፋፈል ከመረጥሽ ባዶውን ቦታ ብቻ ተጠቀሚ። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ የምታዪው ትንሹ የኢኤፍአይ ክፍል ለሁለቱም የጋራ ማስነሻ ስለሆነ ፎርማት እንዳታደርጊው። ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው የዲስክ ቦታ) የተለየ ክፍል አያስፈልግም፤ ኡቡንቱ ራሱ በፋይል ያዘጋጀዋል። ሲነሳ የታመነ ፕሮግራም ብቻ የሚያሳልፈውን ሴኪዩር ቡትን ዝጊ የሚሉሽ ይኖራሉ። አትዝጊው፤ ኡቡንቱ ከእርሱ ጋር ይሠራል። ተጨማሪ ድራይቨሮችን ከጫንሽ በመጫኑ ጊዜ የይለፍ ቃል ያስመርጥሻል፤ ሲነሳም በሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» የሚል ምርጫ ይመጣል። ይህ ሰማያዊ ስሕተት አይደለም፤ ምረጪውና የመረጥሽውን የይለፍ ቃል አስገቢ።

ሁለት ነገር በኋላ እንዳያስደነግጥሽ። አንደኛው ሰዓት ነው። ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሺ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ኡቡንቱ በማዘርቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አገር ቤት ሰዓት ያነበዋል፤ እኛ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከራሳችን የሰዓት አቆጣጠር ጋር አታምታቺው፤ እርሱ የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ኡቡንቱ ተርሚናል ውስጥ ታይምዴት ሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ «ሴት ሎካል አርቲሲ» የሚለውን 1 ካደረግሽው ሁለቱ ይስማማሉ።

ሁለተኛው የዊንዶውስ ዝመና ነው። አንድ ቀን ዝመና ተጭኖ ሲያበቃ የምርጫው ገጽ ጠፍቶ ላፕቶፑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ሊገባ ይችላል። ኡቡንቱ ጠፋ ብለሽ እንደገና አትጫኚ። ባዮስ ውስጥ በማስነሻው ተራ ላይ ኡቡንቱን ወደ መጀመሪያው ቦታ አምጪው፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ይመለሳል። ቢትሎከርን በኋላ መልሰሽ ከከፈትሽውና ቁልፉን ደጋግሞ ከጠየቀሽ ደግሞ ዊንዶውስን ከኡቡንቱ ምርጫ ገጽ ሳይሆን ከባዮሱ የማስነሻ ምርጫ አስነሺው።