«መሣሪያ መታጠቅ» ራስን መጠበቅን ይጨምራል?

በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ለማኅበራቸው አባላት በአማርኛ ሊያስረዱ ተነሥተው ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። «መሣሪያ የመታጠቅ መብት» ማለት ትክክል ነውን? ሐረጉስ ግለሰብ ራሱን ከጥቃት መጠበቁን ያጠቃልላልን?

«ታጠቀ» አስቀድሞ የወገብ ግሥ ነው። ርባታው እንደ «ታጠበ» ሲሆን፣ ልዩነቱ «አጠበ» ሲኖር «አጠቀ» ብቻውን በአማርኛ አለመሰማቱ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ኃያሉ በወገቡ የሚታጠቀው ሰይፍ ነው፤ በዮሐንስ ወንጌል ግን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ሲነሣ የታጠቀው ማበሻ ጨርቅ ነው። ግሡ የሚነግረን ነገሩ ከገላ ጋር መሆኑን እንጂ ጦር ሜዳ መዋሉን አይደለም።

«ታጣቂ» የቡድን ተዋጊ ማለት ስለሆነ «መታጠቅ» ቀርቶ «መያዝ» ይባል የሚሉ አሉ። አልስማማም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁለት ግሦች አሉት፤ አንደኛው (keep) መሣሪያውን በእጅ ማኖርን፣ ሁለተኛው (bear) ይዞት መንቀሳቀስን ያመለክታል፤ «መያዝ» ብቻውን ሁለቱን ይውጣቸዋል። ስለዚህ «መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት» ይበሉ። «ጦር መሣሪያ» አይበሉ፤ ክርክሩን ገና ሳይጀመር «ጦር» የምትለዋ ቃል ትፈርድበታለችና። እርግጥ ነው፣ ዛሬ «ታጣቂ» ሲባል ማበሻ ጨርቅ ትዝ የሚለው ሰው አላገኘሁም።

ይኸው የቃል ሙግት እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ነበር። የዋሽንግተን ከተማ የሽጉጥ እገዳ በተፈተሸበት ጉዳይ ዳኛ ስካሊያ ማሻሻያው የተጻፈበትን ዘመን መዝገበ ቃላት ገልጠው ሁለተኛው ግሥ (bear) «መያዝ፣ መሸከም» ማለት ነው አሉ፤ ዳኛ ስቲቨንስ ደግሞ ማሻሻያው በሚሊሻ ስለሚጀምር የእንግሊዝኛው ሐረግ (bear arms) በወታደርነት ማገልገልን የሚገልጽ ፈሊጥ ነው ሲሉ ተቃወሙ። በ5 ለ4 ድምፅ የግለሰቡ መብት ጸና፤ ቤት ውስጥ ራስን መጠበቅም የመብቱ እምብርት ተባለ። በ2010 ውሳኔው ክፍለ ግዛቶችን እንዲያስር ተደረገ፤ በ2022 ደግሞ መብቱ ከቤት ውጭም እንዲሠራ ተወሰነ። በሕጉ በኩል መልሱ «አዎን» ነው። በቋንቋው በኩል ግን፣ ኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ስብስብ ላይ የተደረገው ፍተሻ ሐረጉ በአመዛኙ በወታደራዊ አገባብ እንደሚገኝ ስላሳየ፣ የእንግሊዝኛውን ሐረግ በተመለከተ የተቃዋሚዎቼ ጆሮ ከእኔ ሳይሻል አልቀረም። ለአማርኛው «መታጠቅ» ግን ይህ አይሠራም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ «ራስን መከላከል» የሚሉት። «ከለከለ» የግእዙ «ከልአ» ዘር ነው፤ አገደ፣ ከለከለ ማለት ነው። «ተከላከለ» በተሳቢነት የሚወስደው የሚታገደውን ነገር ነው፤ ወባን መከላከል ወባው እንዳይደርስ ማገድ ነው። በዚሁ አገባብ «ራስን መከላከል» ሰውየው ራሱን እንዳይመጣ አገደው ማለት ይሆናል! «አጥቂን መከላከል፣ ራስን መጠበቅ» ቢባል ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። አውቃለሁ፣ በችሎትም በጋዜጣም ሥር ሰድዷል፤ ሰሚውም ሳይቸገር ይረዳዋል፤ ስሕተት ብዬ ማንንም ልጥል አልችልም። እኔ ግን አልጽፈውም። በጥያቄዎ ውስጥ የነበረውንም፣ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከላይ ሳቀርበው ለውጬዋለሁ።