ከጣና ዳር፦ ቪዲዮ ስለ መቅረጽ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ሰርግና ክብረ በዓል በቪዲዮ መቅረጽ እንጀራዬ ነው። ከምስሉ ጥራት ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ፣ የምንቀርጸው ነገር ዳግም የማይገኝ መሆኑ ነው። በዲጂታል ካሜራ ስትቀርጹ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ቀርጬ ቤት ስከፍተው የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራሽ ደህና ነው እህቴ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ ከቻልሽ በጠዋት ቅረጺ። ካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን ከሰው ድምፅ በፊት የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ነፋስ ነው። ፀጉራም መሸፈኛ አልብሺው፤ ከሌለሽ ጀርባሽን ለነፋሱ ሰጥተሽ በሰውነትሽ ከልዪው። ከሁሉ በላይ ግን በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጥሽ ቅረጺ። አንድ ጊዜ የሙሽራዋ አያት ሲመርቁ የማይክሮፎኑን ማብሪያ ሳልከፍት ቀረሁ። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ይታያል። ሙሽራዋ ቪዲዮውን ስታይ «ድምፁን ጨምርልኝ» አለችኝ። የሚጨመር ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ሳይኖር ቀይዋን ቁልፍ ተጭኜ አላውቅም።

ጥያቄ፦ አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ይርገበገባል፣ ጥቁር መስመርም ይወጣበታል። ካሜራው ከአሜሪካ የተላከልኝ ነው።

መልስ፦ ምክንያቱ እሱው ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) በመሆኑ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው፤ ካሜራህም ለዚያ ተስተካክሎ መጥቷል። ሜኑው ውስጥ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) የሚለውን ወደ ፓል (ባለ 50 ኸርዙ) ቀይረህ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የሹተሩን ፍጥነት (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ደግሞ 1/50 ሰከንድ አድርገው። የመድረክ ኤልኢዲ መብራት የራሱ ጠባይ ስላለው ግን ከዝግጅቱ በፊት ሄደህ ሞክረው።

ጥያቄ፦ የልጄን የምረቃ በዓል ስቀርጽ ካሜራው ግማሽ ሰዓት ሲሆን ራሱን አቆመ።

መልስ፦ ብልሽት አይደለም እናቴ። ብዙ ቆየት ያሉ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ በላይ የሚቀርጸው አውሮፓ ሲገባ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር አምራቾቹ ገደብ አበጁለት። ጭብጨባ ሲመጣ እርስዎ ራስዎ አቁመው እንደገና ያስጀምሩት። ካርዱንም ያስቡበት፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይፈጃል (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)፤ 64 ጊጋባይት ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል አይቆይም። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ካርዱንም ባትሪውንም አይንኩ፤ ፋይሉ ገና እየተጻፈ ነው።

ጥያቄ፦ ፋይሉ በስህተት ቢጠፋስ?

መልስ፦ በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ምንም አትቅረጽ። አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የጠፋውን በኮምፒውተር የመመለስ ዕድል አለ።

ጥያቄ፦ ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክረምቱ እንዳለቀ ውሃው ሞልቶ ሲወርድ ጢሱ ሩቅ ድረስ ያረጥባል። ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ሸፍነህ ሌንሱ ብቻ ይውጣ፤ እዚያ ቆመህ ሌንስ አትቀይር። ጠብታ ሲያርፍበት በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ አትሸው። የዓባይ ውሃ በክረምት ደለል ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ ጠብታዋ ስትታሽ በውስጧ ያለው አሸዋ መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በሌንስ ማጽጃ ጨርቅ ሳትፈትግ ጫን እያደረግህ ውሃውን አስመጥጥ፣ ቀጥሎ በአየር መንፊያ ንፋው፣ መጥረግ የመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ የዘጌን ገዳማት ሥዕሎች ልቀርጽ አስቤያለሁ።

መልስ፦ አስቀድመሽ ካህኑን አስፈቅጂ። ብርሃን ቀለሙን ስለሚጎዳ መብራት አታብሪ፤ በጨለማው ምክንያት ምስሉ ነጠብጣብ ቢበዛበት ይሻላል። በአቅራቢያው ደሴት ላይ ወዳለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡም ልብ በይ።

ጥያቄ፦ ጀልባው ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አይጠቅምህም፤ የሞተሩ ንዝረት በእግሮቹ በኩል ወደ ካሜራው ይወጣል። በእጅህ ያዘው፣ ክርኖችህን ከጎንህ አጣብቅ። ማንጠልጠያውን ደግሞ ጀልባው ውስጥ ከመግባትህ በፊት አንገትህ ላይ አጥልቀው።