የመጀመሪያ ትራኬን ልገዛ ነው፤ ኤልኤልሲ ይሻለኛል ወይስ ኤስ ኮርፕ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ ነው። ስድስት ዓመት ለካምፓኒ ነድቻለሁ፤ አሁን ኦነር ኦፕሬተር (በራሱ ትራክ የሚሠራ ሾፌር) ልሆን ነው። ያገለገለ ካስካዲያ ትራክ በ68,000 ዶላር አግኝቻለሁ። አበዳሪው 20 በመቶ ዳውን (ቅድሚያ ክፍያ) ይፈልጋል። የእቁብ 15,000 ዶላር ካሽ እጄ ላይ አለ። የምሠራበት ካምፓኒ ደግሞ «ያለ ዳውን በሊዝ ፐርቸዝ እንስጥህ» ብሎኛል፤ ኪራይ እየከፈልኩ በመጨረሻ ትራኩን የምገዛበት ማለት ነው። ኤስ ኮርፕ ታክስ ይቀንሳል የሚሉኝም አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ባይጠይቁኝም ከካሹ ልጀምር። እቁቡ የራስዎ ቁጠባ ነው፤ የገቢ ታክስ የለበትም። ግን 15,000ውን በአንድ ጊዜ ባንክ ያስገቡት። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ይልካል። ይላክ። ሪፖርቱን ለመሸሽ 5,000፣ 5,000 እየከፋፈሉ ማስገባት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህን «ዘዴ» ቡና ላይ የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ አይስሙት። አበዳሪው የዳውኑን ምንጭ ቢጠይቅ እንዲያሳዩ፣ ከእቁቡ ዳኛ የተፈረመ ወረቀት ይያዙ።

ኤልኤልሲ (ከባለቤቱ ተለይቶ በሕግ የሚቆም ካምፓኒ) ይክፈቱ። ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጋሻ አይሆንዎትም። አዲስ ኤልኤልሲ የብድር ታሪክ ስለሌለው አበዳሪው ፐርሰናል ጋራንቲ (የግል ዋስትና) ያስፈርምዎታል። ክፍያው ቢቋረጥ ትራኩን ወስዶ ይሸጠዋል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪውን የሚጠይቀው እርስዎን ነው፤ በግልዎ። አደጋ ላይም ያው ነው። መሪውን የያዙት እርስዎ ነዎት። ሾፌር ለራሱ ጥፋት በግሉ ይጠየቃል፤ በትራኩ በር ላይ የተለጠፈው የካምፓኒ ስም ከዚያ አያወጣውም። ኤልኤልሲው በደንብ የሚጠቅምዎት ነገ ሌላ ሾፌር ሲቀጥሩ ነው። ለአሁኑ ጋሻዎ ኢንሹራንሱ ነው። የራስዎን ኤምሲ (ጭነት የማጓጓዝ የፌዴራል ፈቃድ) ካወጡ ለተራ ጭነት የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ነው፤ አብዛኞቹ ብሮከሮች (ጭነት አገናኞች) ግን አንድ ሚሊዮን ካላዩ ሎድ (ጭነት) አይሰጡም። ለአዲስ ኤምሲ የኢንሹራንሱ ወርሃዊ ክፍያ ከትራኩ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዳውኑን ሳይከፍሉ የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠይቁ።

ኤስ ኮርፑን (ያው ካምፓኒ ታክሱን በሌላ መንገድ የሚከፍልበትን ምርጫ) ለጊዜው ይተዉት። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ ሲሆን ትርፉ በሼጁል ሲ (የግል ሥራ ትርፍ በሚሞላበት ቅጽ) ከእርስዎ የግል ታክስ ጋር ይሞላል። ወጪ ሁሉ ተቀንሶ 60,000 ዶላር ቢተርፍዎ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ) ብቻ 8,478 ዶላር ገደማ ይሆናል። የገቢ ታክሱ ሌላ ነው። ኤስ ኮርፕ ይህን ታክስ የሚቆጥበው ለራስዎ ደመወዝ ከፍለው ከሚተርፈው ላይ ነው። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ደግሞ ደመወዙ ለሥራው የሚመጥን ይሁን ይላል። ገንዘቡ ሁሉ የመጣው እርስዎ ነድተው ነው፤ 20,000 ደመወዝ፣ 40,000 የባለቤት ድርሻ ብለው ቢጽፉ ኦዲት ላይ አያስኬድም። ተገቢውን ከከፈሉ በኋላ የምትቀረዋን ቁጠባ ፔይሮሉና አካውንታንቱ ይበሏታል። ትርፉ ከ100,000 ሲያልፍ ያኔ እንነጋገራለን። አዲስ ካምፓኒም አያስፈልግዎትም፤ ያው ኤልኤልሲ እስከ ማርች 15 ፎርም 2553 አስገብቶ ለዚያ ዓመት ኤስ ኮርፕ መሆን ይችላል።

ሻጩ «68,000ውን በመጀመሪያው ዓመት ራይት ኦፍ ታደርገዋለህ»፣ ማለትም ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ትቀንሰዋለህ፣ ብሎዎት ይሆናል። ልክ ነው። ከጃንዋሪ 19፣ 2025 በኋላ የተገዛ ትራክ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ሙሉ ዋጋው በአንዴ ሊቀነስ ይችላል። ችግሩ ብድሩ ለዓመታት ይቆያል፤ ከክፍያው ላይ ከገቢዎ የሚቀነሰው ወለዱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ከጨረሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ትራኩን እየከፈሉ የሚቀንሱት ነገር ያጥርዎታል። በኋላ ሲሸጡትም ያ ቅናሽ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ይመለሳል። የመጀመሪያው ዓመት ገቢዎ ትንሽ ከሆነ በሕጉ መሠረት በየዓመቱ ይከፋፍሉት ባይ ነኝ። በካምፓኒ ደመወዝ ሳሉ ያልነበረዎ ፐር ዲየምም (ለመንገድ ምግብ በቀን የሚቀነስ) አለ። ከቤት ውጪ ለሚያድሩበት ቀን 80 ዶላር፣ ከእሱ 80 በመቶው ይቀነሳል። 250 ቀን መንገድ ላይ ከሆኑ 16,000 ዶላር ነው። የምግብ ደረሰኝ አይጠየቁም፤ የቀኖቹን ሎግ ግን እንዳያጠፉት።

ሊዝ ፐርቸዙን አልወደድኩትም። ትራኩ የእነሱ፣ ሎድ ሰጪዎቹ እነሱ፣ ከሴትልመንትዎ (ከሚከፈልዎት ሂሳብ) ላይ ቆራጮቹም እነሱ። ሎድ በጠፋበት ሳምንት ክፍያው አይቀርልዎትም። በመሃል ቢወጡ የከፈሉት ሁሉ ኪራይ ሆኖ ይቀራል። ክሬዲትዎ ደህና ከሆነና ዳውኑ በእጅዎ ካለ ለምን ብለው?

ትራኩን ራስዎ ገዝተው ለዚያው ካምፓኒ በሊዝ (የራስዎን ትራክ ለእነሱ አከራይተው) ቢሠሩ ግን ክፋት የለውም። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ውሉ ላይ ይፈልጉ። የሚቆረጥብዎ እያንዳንዱ ነገር ተዘርዝሮ መጻፉን፣ ወረቀቱን ባስገቡ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከፈልዎት፣ ውሉ ሲቋረጥ ኤስክሮው (እነሱ ዘንድ በመያዣ የተቀመጠ ገንዘብዎ) በ45 ቀን ውስጥ እንደሚመለስ። እነዚህን የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ዝም ያለ ውል ካመጡልዎት አይፈርሙ።

ከእንግዲህ ታክስ የሚቆርጥልዎ ስለሌለ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ራስዎ በግምት ይከፍላሉ። ትራኩ መንገድ ከወጣ በኋላ ባለው ወር መጨረሻ ደግሞ ፎርም 2290 (የከባድ መኪና የፌዴራል ታክስ) ይገባል፤ ከነጭነቱ ከ75,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ለዓመት 550 ዶላር ነው። ማህተም ያለበትን ሼጁል 1 (የዚህን ታክስ ማረጋገጫ) ታርጋ ሲያወጡ ስለሚጠየቁ ኮፒውን በስልክዎ ይያዙት።