ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ ለምትሄዱ፦ ማለዳውን ለሐይቁ ስጡት

እህቴ፣ እናትሽንና ሁለቱን ልጆችሽን ይዘሽ ሐዋሳ ልትሄጂ ነው፤ ያለሽ ሁለት ሙሉ ቀን ነው፤ ምኑን አይተን ምኑን እንተው ብለሽ ጠይቀሻል። ለሥራም ለቤተሰብ ጉዳይም የምመላለስባት ከተማ ስለሆነች ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ መንገዱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ይገባል፤ ግን እናትሽን አስቢያቸው። በአውቶቡስ ከሆነ ከኛ አገር የሚመጣው ላምበረት ያወርዳችኋል፣ የደቡቡ የሚነሳው ደግሞ ቃሊቲ ነው። ልጅና ሻንጣ ይዞ ከአንዱ መናኸሪያ ሌላው መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ዘመድ ካላችሁ አዲስ አበባ እደሩና በሌሊት ተነሱ። ከመነሳታችሁ በፊትም ስለ መንገዱ ሹፌሮችን ጠይቁ።

ልብስ አታብዙ። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው፤ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ናት። ቀን ፀሐዩ ይከብዳል፤ ለልጆቹ ኮፍያ ያዢላቸው። ማታ ለእናትሽ ነጠላ ይበቃቸዋል። ሐይቁ ዳር ትንኝ ስላለ አጎበር ያለው አልጋ ምረጡ። ወባ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐዋሳ ሁለት ጊዜ ነው የምትደምቀው፤ በማለዳና ከአስር ሰዓት በኋላ። መሃሉ ሙቀት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለመሮጥ አታቅዱ። ሁለቱንም ጠዋት ሐይቁ ዳር አሳልፉ፣ ቀትር ላይ እረፉ፣ ማታ ውጡ።

በመጀመሪያው ቀን ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ድረሱ። ዓሣ አስጋሪዎች ሌሊት የጣሉትን መረብ ይዘው የሚመለሱት ያኔ ነው። ጀልባው ዳር ሲደርስ ልጆች ተሻምተው መረቡን ይጎትታሉ፣ ከየቀዳዳው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየፈለቀቁ ያወጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ደግሞ በቢላዋ ቅርፊቱን ይገፉታል፣ ቆዳውን በአንድ ጊዜ ይሞሸልቁታል። እጃቸው ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። አባ ኮዳዎቹ ከኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ቁመታቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል ካልሽው ልጅሽ የማይተናነስ ትላልቅ ወፎች ናቸው። አንጀትና ቆዳ ሲጣልላቸው ይሻማሉ። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ትንሿን እጇን ያዢያት፣ መንቁራቸው ኃይለኛ ነው።

እዚያው ትኩስ ጥብስና የዓሣ ሾርባ አለ። ሙሉ ጥብስ ከዳጣ ጋር ለትልልቆቹ፣ ለልጆቹ ግን አጥንቱ የወጣለትን እዘዙ። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ታያላችሁ፤ ለልጆች አልመክርም። እናትሽ በጾም ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ቀኑን ከጾም አውጡት፤ ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ ሳይቀምሱ መመለስ ያስቆጫል።

አጠገቡ ያለው መናፈሻ ውስጥ ጉሬዛና ጦጣ ሞልቷል። ጦጣዎቹ ሙዝ ከእጅ ይነጥቃሉና ቦርሳችሁን ዝጉ።

ጀልባም በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ጉማሬ የሚያሳዩ ጀልበኞች አሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለስንት ሰዓት፣ ሁሉም ይነገር። ለልጆች የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ጉማሬው አጠገብ ጠጋ በልልን አትበሉ፤ ራቅ ብሎም በደንብ ይታያል።

ማታ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስታችሁ በሰፊው መንገድ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ውረዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ እናትሽ ከደከማቸው ባጃጅ በየደቂቃው ያልፋል። ሐይቁ ዳር ፎቶ አንሺው፣ ቆሎ ሻጩ፣ ጥንዶቹ፣ ከሥራ የወጣው ሁሉ እዚያ ነው። እኔ ከከተማይቱ ሁሉ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። እናትሽ ገብርኤልን መሳለማቸው አይቀርም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ግን ንግሥ ነው፤ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይጎርፋል፣ አልጋ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ለእሳቸው በረከት ነው፣ ለልጆች ግን ግፊያው ይከብዳል።

ታቦር ተራራን በሁለተኛው ቀን ጠዋት እናትሽና ትንሿ ሐይቁ ዳር ሳሉ አንቺና ትልቁ ልጅ ውጡት። ሐይቁም ከተማውም ከላይ አንድ ላይ ይታያል። ወንዶ ገነትን ተዉት፤ ፍል ውሃው ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ ቀናችሁን ይበላል።

ቀኑን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ፍቼ ጨምበላላን ጠይቁ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑን ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ስለሚወስኑ በየዓመቱ ይለያያል። ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሲጨፈር ማየት ለልጆቹ ትልቅ ትምህርት ነው። ቡርሳሜ ካገኛችሁም ቅመሱ፤ ከቆጮ በቅቤ የሚሠራ የሲዳማ ምግብ ነው፣ እናትሽ የሚወዱት ይመስለኛል።

የምትሄዱበትን ሳምንት እዚሁ ጻፊልኝ። አልጋ ከሐይቁ በእግር የሚደረስበት ሠፈር እንድትይዙ እጠቁምሻለሁ።