ደሴ በጥቅምት፣ በእግርና በጥርስ

«በጥቅምት መጨረሻ ለሥራ ደሴ ሦስት ቀን እቆያለሁ፤ የሆቴል ጥብስና ፓስታ ሰልችቶኛል፤ ከሥራ ወጥቼ በእግሬ እየዞርኩ ምን ልቅመስ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ትንሽ ላስረዝመው።

ወሩን መናገርሽ ጥሩ ነው። ደሴ ላይ የመንገድ ምግብ የሚታወቀው በወሩ ነው። በነሐሴ ብትመጪ በለስ በይ እልሽ ነበር። ልጆቹ ሁለቱን ጫፍ በቢላ ቆርጠው፣ ወገቡን ሰንጥቀው ልጣጩን በአውራ ጣት ገለጥ ያደርጉታል። አንቺ ውስጡን ብቻ ማንሳት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ግን በለሱ አልፏል፣ እርሺው።

የጥቅምቱ ነገር ሌላ ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ብርዱ አይጣል ነው። የሐረጎን ተራራ መንገድ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወርጂ ደግሞ ኮምቦልቻ ገብተሽ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ። ከላይ ከኩታበር በኩል የባቄላ እሸት ይመጣል፣ ከታች ከቃሉ በኩል የማሽላ። ሁለቱን አንድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ታገኛቸዋለሽ።

በጥንቅሽ ጀምሪ። አገዳው የሚመጠጥ የማሽላ ዓይነት ነው፤ ሸንኮራ ይመስላል፣ ግን ቀጠን ያለና ለስለስ ያለ። በእስር ይሸጣል። ሳትገዢ በፊት «አቅምሽኝ» በያት፤ አንዳንዱ ውሃ ውሃ ይላል። ልጣጩን ግን በቢላ አስልጪው። እንደ ምላጭ ነው። እኔ ባለፈው ልጅነቴን ተማምኜ በጥርሴ ስልጥ የከንፈሬን ዳር ተቀደድኩና በማግስቱ ሽሮ ሲቀርብ በርበሬው እንባዬን አመጣው። ደግሞ እጅሽ ይጣበቃል፤ ወደ ስብሰባ እየሄድሽ እንዳትጀምሪው።

ቀጥሎ የማሽላ እሸት። ይኼ ነው ልቤ። ዛላውን እንዳለ ፍም ላይ እያገላበጡ ይጠብሱታል። ጫፍ ጫፉ ጠቆር ሲል ያወርዱትና በትኩሱ፣ «እህ፣ እህ» እያሉ በመዳፍ ያሹታል። እፍ ሲሉት ገለባው ይበርራል። መዳፍ ላይ የሚቀረው ፍሬ ገና አልደረቀም፤ ስትነክሺው ለስላሳ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጣፍጣል። «ወተት በጉንጬ» የሚባል ዓይነት አለ፤ ከስሙ በላይ ልገልጸው አልችልም። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዓለምን ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸጉ ሁለት ዝርያዎች አገኙ። ሁለቱም የወሎ ነበሩ። ገበሬው እንዲህ ዓይነቱን ማሽላ ድሮም በእሸቱ ጠብሶ ይበላው ነበር። የእኛ ሰው ላብራቶሪው ምላሱ ላይ ነው።

ጠብሶ የሚሸጥ መንገድ ላይ ብዙ ላታገኚ ትችያለሽ። ዛላውን ከገበያ ግዢና በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ጋ ቁጭ በይ። ቡናሽን ካዘዝሽ በኋላ «እናቴ፣ ፍምሽን ላስቸግርሽ» በያት። ወሎ ውስጥ እምቢ የምትል አይመስለኝም፤ እንዲያውም አንቺን አስነስታ ራሷ ነው የምትጠብሰው። ግማሹን ለእሷ መተው ያንቺ ፋንታ ነው።

ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ሳምቡሳ ፈልጊ። የምስሩ የጾም ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አትቸገሪም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዘይቱ ሲወጣ ያላየሽውን አትግዢ። መስታወት ሣጥን ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ተደርድሮ የዋለ አንድ ቤት በልቼ (የቱ ቤት እንደሆነ ይቅር) ሌሊቱን ስመላለስ ነጋ። ትኩሱን ስትቆርሺው ጠርዙ ቀጭ ይላል፣ ምስሩ ውስጥ ቃሪያው ሳይሟሽሽ ይታያል። ዘይቱ ቀዝቅዞ የተጠበሰ ከሆነ ወረቀቱን አልፎ እጅሽን ያርሰዋል፤ ያኔ ተይው።

ቆሎውን ሳትይዢ አልጋሽ እንዳትገቢ። ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበትን ምረጪ። ሥጋ ካማረሽ ደግሞ በሩ ላይ መስቀል ነው ወይስ ጨረቃ ያለው የሚለውን አይተሽ ግቢ፤ ሁለቱም ጥሩ ያርዳሉ። ስለ ኬክ ቤት አትጠይቂኝ፣ እሱን አዲስ አበባም ታገኚዋለሽ።

ግማሽ ቀን ከተረፈሽ ሚኒባስ ይዘሽ ሐይቅ ከተማ ሂጂ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጠብሰው ከነጭንቅላቱ ያቀርቡልሻል። በሹካ አትታገዪው። ከጀርባው በኩል በጣትሽ ከፈት አድርጊው፣ አጥንቱ ብቻውን ይቀራል። ጉንጩን እንዳትረሺ፤ እኛ ቤት በእሱ እንጣላ ነበር።

ዋጋ ያልጻፍኩት እስክትመጪ ስለሚቀየር ነው። ከሦስቱ ቀን አንዱ ሰኞ ከሆነ ግን ጠዋቱን ቀጠሮ አትያዢበት፣ ሰኞ ገበያ ውጪ። ጥንቅሹም ዛላውም ምርጥ ምርጡ ሳይለቀም የሚገኘው ያኔ ነው።