ከወሊድ በኋላ አልለቅ ያለ ጭንቀት

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሆኖኛል። ሕፃኑ ቢተኛም እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ትንፋሹ የቆመ እየመሰለኝ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሣሁ አዳምጣለሁ። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፤ መጥፎ እናት እንደሆንኩም ይሰማኛል። በራሱ ጊዜ ይተወኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚጀምረው ሆደ ባሻነት ብዙ እናቶችን የሚያጋጥም ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ያለ ሕክምና ይጠፋል፤ የእርስዎ ግን ከዚያ አልፎ ስለዘለቀ በራሱ እስኪለቅዎት እንዲጠብቁ አልመክርም። የገለጹት ሁኔታ የድኅረ ወሊድ ጭንቀትና ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሆርሞን መለዋወጥ፣ የእንቅልፍ እጦትና የኃላፊነት ክብደት ተደራርበው ሊያመጡት የሚችሉት ሕመም እንጂ የእናትነት ጉድለት አይደለም። (መጥፎ እናትማ ቢሆኑ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ባላዳመጡ ነበር።) ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ለእኛ የጻፉትን ሳይቀንሱ ይንገሩ፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርና የደም ማነስም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያስከትሉ ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ብዙዎችን ይረዳል፤ መድኃኒት ካስፈለገም ጡት እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉ ስላሉ ማጥባትዎን አስቀድመው ያሳውቁ። እስከዚያው የሌሊቱን እኩሌታ ሌላ ሰው ይረከብዎት። ራስዎን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።