ሐኪም ለማትሆን ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራላታል?

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሌሎችም ስለሚጠይቁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ጎንደር ከተማ ዳር፣ አዘዞ ነው የምትኖሪው፤ 12ኛ ክፍል፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ሒሳብ ትወጃለሽ፣ ደም ማየት ግን አትችይም። ቤተሰብ «ዩኒቨርሲቲው ደጃችን እያለ የት ትሄጃለሽ?» ይላል። ጓደኞችሽ ደግሞ አዲስ አበባ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብለዋል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው ሲባል እሰማለሁ። ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ሐኪም ካልሆንኩ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

ከስሙ እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልእኮ ሲለያቸው 8ቱን የምርምር ብሏቸዋል። ጎንደር አንዱ ነው። የቀሩት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና አርባ ምንጭ ናቸው። በወረቀት ደረጃ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የበለጠ ትኩረት ይሰጣሉ፣ መምህራኑም ከማስተማሩ ጎን ይመራመራሉ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሙ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ክላስ ገብተሽ፣ ሃንድአውት ሸምድደሽ፣ ተፈትነሽ ብትወጪ ከየትም ከተመረቀው አትለዪም። ለመመረቅ የሚወሰደው የመውጫ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ነው፤ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት ብሎ የሚያዝንልሽ የለም። የሚጠቅምሽ ምርምሩ ወዳለበት ራስሽ ከተጠጋሽ ብቻ ነው።

ታዲያ ጎንደር ላይ ምርምሩ የት ነው ያለው? ብዙ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ይመስለዋል። ነጭ ጋዋን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ምናምን። አለ እሱም። ዋናው ግን ገጠር ነው ያለው፤ ምክንያቱ ደግሞ የተቋሙ አነሳስ ነው።

ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሐኪም ትምህርት ቤት አልነበረም። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከጎንደር አጠገብ ያለችውን ደምቢያን ወባ ፈጅቷት ስለነበር፣ የሚያስፈልገው ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ የሚጠብቅ ሳይሆን ወደ ሰዉ የሚሄድ ባለሙያ ነበር። እናም በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) አብረው ይሠለጥኑና በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ጀመር። የሕክምና ትምህርቱ የመጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያገኘውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ጎንደር ማለት ሐኪም» የሚሉሽ ሰዎች ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመሩት።

ያ ልማድ ዛሬም አለ፤ ተማሪዎቹ ቲም ትሬኒንግ ይሉታል። የተለያየ የጤና ዲፓርትመንት ልጆች በአንድ ቡድን ወረዳ ይወርዳሉ፣ አብረው ይኖራሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሽንት ቤት አለ? ውኃ ከየት ይቀዳል? ሕፃኑ ክትባት ጨርሷል? ያገኙትን ይቆጥሩና የቱ ችግር ይቅደም ብለው ይከራከራሉ።

ለአንቺ ግን ይበልጥ የሚሆነው ዳባት ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ታውቂያታለሽ። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምርምር ማዕከል አለው። ዳታ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች በየቤቱ እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ፣ ማን ገባ ብለው ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት፣ አብዛኛው ቤቱ ነው የሚሞተው፣ የሐኪም ወረቀት የለውም። ስለዚህ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡን ይጠይቃሉ። ትኩሳት ነበራቸው? ሳልስ? ለስንት ቀን? እግራቸው አብጦ ነበር? ከዚያ መልሶቹን ሐኪሞች አይተው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

አሁን አስቢው። ይህ ሁሉ መረጃ ለዓመታት ሲከማች አንድ ሰው ማጽዳት አለበት። እናቲቱ ከልጇ በዕድሜ አንሳ ተመዝግባ ይሆናል። አንዱ ሰው ሁለት ቦታ ይገኛል። የሞተው ተመልሶ «ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደ» ተብሎ ይመጣል። ይህን የሚያስተካክለው፣ ቀጥሎም «የሕፃናት ሞት ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?» ለሚለው መልስ የሚያወጣው ሒሳብ የሚወድ ሰው ነው። ደም የለበትም።

ስለዚህ ስታቲስቲክስን ወይም ኸልዝ ኢንፎርማቲክስን፣ ማለትም የጤና መረጃ አያያዝን፣ በደንብ እዪ። ሁለቱም ጎንደር ይሰጣሉ። ሁለተኛው ዲግሪ ላይ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ) እና ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናው) አለ፤ ዩኒቨርሲቲው እውነት ጠንካራ የሆነበት ቦታ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሥራውም ሆስፒታል፣ ጤና ቢሮ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ባንክ፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት (መያድ) ጋ ይገኛል። በቀላሉ ይገኛል አላልኩም። የመንግሥት ቅጥር ይጎተታል፤ ዲግሪ ብቻ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ሰልፉ ረጅም ነው። ሰልፉን የሚያሳጥርልሽ «ይህን ዳታ ያጸዳሁት እኔ ነኝ» ማለት መቻልሽ ነው።

ሌላም አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ መተማና ሁመራ ወርደው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዟቸው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች የሚታከሙበትና በሽታውም የሚጠናበት ማዕከል ሆስፒታሉ ውስጥ አለ። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአካል ጉዳትና ተሃድሶ ላይ የሚሠራ፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን የሚደገፍ ስኮላርሺፕም አለ። የእንስሳት ሕክምና፣ ሕግ፣ ቴክኖሎጂም አሉ።

ከገባሽስ? የፍሬሽማን ውጤትሽን አደራ፤ ዲፓርትመንት የሚሰጠው በፍላጎትና በውጤት ስለሆነ «ገና ነው» ያሉ ልጆች የማይፈልጉት ቦታ ሲደርሳቸው እያየን ነው። ክረምት ላይ ኤክሴልን በደንብ ተማሪ፣ ቀጥሎ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች። አር (R) የሚባለውን ከቻልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ነፃ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ምርምር ያለው መምህር ፈልጊና ቢሮው ሂጂ። «ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ» አትበይው፤ ያንን ሁሉም ይላል። «መምህር፣ ዳታ የሚያስገባ ሰው ካስፈለገዎት እኔ አለሁ» በይው። አንዱ እንቢ ቢልሽ ሌላውን ጠይቂ፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚፈልጉለት።

ሶፍትዌር ወይም ኢንጂነሪንግ ከሆነ የሚያምርሽ ግን መልሴ ይለወጣል። ያኔ የአዳማንና የአዲስ አበባን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ሞክሪ፤ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና ስላላቸው ቀኑ እንዳያልፍሽ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና ነው የሚቀበለው፤ ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው፣ በምደባ ብቻ የሚጠብቁ ካሉ።

ቤተሰብ ስለ መንገዱ የሚሰጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱን አልከራከርም። እዚሁ ከቀረሽ ግን ከቤት እየተመላለስሽ ለመማር አትስማሚ። በየቀኑ ታክሲ ተጋፍተሽ አዘዞ ስትደርሺ ቤት ሥራ ይጠብቅሻል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ከታየች እረፍት የላትም። ዶርም ያዢ፣ ማታ ላይብረሪ ግቢ። እናትሽን ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ በያቸው፤ ልብስ ለማጠብም ቢሆን።